የጊልበርት ስቱዋርት አስተማሪ ኮዝሞ አሌክሳንደር ለምን ይሄን ያህል ዞረ?

ጠያቂ፦
ሰላም ለሁላችሁ። አንድ ዶላር ላይ ያለው የዋሽንግተን ፊት የተወሰደው ከጊልበርት ስቱዋርት ስዕል መሆኑን ብዙዎቻችሁ ታውቃላችሁ፣ እኔ ግን ሰሞኑን ስለሱ ሳነብ ገና ልጅ እያለ ያስተማረው ኮዝሞ አሌክሳንደር የሚባል ስኮትላንዳዊ መሆኑን አየሁና ሰውዬው ከጭንቅላቴ አልወጣ አለ። አበርዲን ተወለደ፣ ከዛ ሮም፣ ለንደን፣ ዘ ሄግ፣ ደሞ አሜሪካ ተሻግሮ ፊላደልፊያ፣ ኒውፖርት... አንድ ቦታ አይቀመጥም እንዴ? ስራ አጥቶ ነው ወይስ የሚያሳድደው ነበር? ደሞ ጊልበርትን ስኮትላንድ፣ ኤደንብራ ድረስ ወስዶ ጥሎት ጠፋ ሲባል ሰምቼ በጣም ከፋኝ፣ እውነት ነው?

ታሪክ ወዳጅ፦
መጀመሪያ ላይ አዎ፣ ስደት ነው። ሰውዬው ካቶሊክ ነው፣ ስቱዋርት የሚባለውን የድሮ ንጉሳዊ ቤት ወደ ዙፋን እንመልሳለን ብለው በ1745 (ሁሉም በፈረንጆቹ ነው) ከተነሱት ጋር ወግኖ በ1746 ስኮትላንድ ውስጥ “ከሎደን” በሚባለው ጦርነት ላይ ሲሸነፉ ሮም ገባ፣ እዛም እንደሱ የተሰደዱትን ያገሩን ሰዎች እየሳለ ኖረ። በኋላማ ቤት አጥቶ አይደለም የዞረው፣ በ1754 አርክቴክቱ ጄምስ ጊብስ ሲሞት የለንደን ቤቱን አውርሶታል፣ ጊብስም የአበርዲን ካቶሊክ ነበር። የትም ይሂድ ያገር ልጅ ይቀበለዋል፣ ኒውፖርት ላይ እንኳን ሐኪሙ ዊልያም ሃንተር ስኮትላንዳዊ ነው፣ የጊልበርት አባትም ስኮትላንዳዊ የሱረት ወፍጮ ሰራተኛ ነበር።

ሰዓሊዋ፦
የስራውም ጠባይ አለበት እኮ። እኔ በዘይት ቀለም የሰው ፊት ነው የምሰራው። በዛ ዘመን በትንሽ የወደብ ከተማ ፊቱን ለማሳል አቅም ያለው ስንት ሰው ነው? ነጋዴው፣ ሐኪሙ፣ ሚስቶቻቸው፣ አለቀ! ምስል እንደ ጫማ አያልቅ፣ አንዴ ከተሰቀለ ለልጅ ልጅ ነው፣ ስለዚህ ሰዓሊው ዕቃውን ሸክፎ ወደሚቀጥለው ከተማ ይሄዳል። ዕቃውም ቀላል እንዳይመስላችሁ፣ የቲዩብ ቀለም የመጣው በ1841 ነው፣ ከዛ በፊት ቀለሙ ድንጋይ ላይ በተልባ ዘይት ተፈጭቶ የአሳማ የሽንት ፊኛ ውስጥ ይገባና በክር ይታሰራል፣ ሲፈለግ ፊኛው ተወግቶ ይጨመቃል፣ ቀዳዳው ደሞ በትንሽ ሚስማር ይደፈናል። ይሄ ሁሉ የሚያግዝ እጅ ይፈልጋል፣ ለዛም ይመስለኛል ልጅ ይዞ መዞሩ። እኔን ያስተማሩኝ ሰው የመጀመሪያውን አመት ሙሉ ብሩሽ አላስነኩኝም፣ ሸራ ስወጥር ነው ያለቀው፣ ዛሬ ሳስበው ግን ሸራ መረዳት የጀመርኩት ያኔ ነው።

ታሪክ ወዳጅ፦
ስለ ልጁ ሳልመልስ፣ ጥሎት አልጠፋም፣ ሞቶበት ነው! በ1769 አካባቢ ሲገናኙ ልጁ 13 ወይ 14 አመቱ ነው፣ የአሜሪካን የደቡብ ቅኝ ግዛቶች አብረው ዞረው ኤደንብራ ገቡ፣ ከዛ ኦገስት 1772 ላይ አሌክሳንደር አረፈ። ሲሞት እሱም ሰዓሊ ለሆነው ለእህቱ ባል አደራ ብሎት ነበር ይባላል። ልጁ 16 አመቱ ነበር፣ በሰው አገር በብሩሹ ለመኖር ሞክሮ አልሆነለትም፣ በድንጋይ ከሰል መርከብ ላይ ጉልበቱን ከፍሎ ነው ወደ አገሩ የተመለሰው ይባላል። ስለዚህ ሰውዬውን አትውቀሱት፣ ያሳዝናል።

ጠያቂ፦
እግዜር ይስጥልኝ፣ ቀለል አለኝ። ጊልበርት በዛው ሰሞን የሳላቸው የዶክተር ሃንተር ሁለት ውሾች አሉ አይደል፣ ጠረጴዛ ስር የተኙት፣ ቅድም እንደገና ከፍቼ አየሁት። የዛ ቀለም ከየትኛው ፊኛ ተጨምቆ ይሆን እያልኩ ነው አሁን የማየው።