«ያረገርገኛል» የሚለው የት ይመደብ?

ጣና ዳር፦ ሰላም የቋንቋ ሰዎች። ባሕር ዳር ክሊኒክ ውስጥ የሕመምተኛ ቃል እመዘግባለሁ። ከዘጌ በጀልባ የመጡ እናት «ከወረድሁ ሦስት ቀኔ፣ መሬቱ ያረገርገኛል» አሉ። ሐኪሙ «ይዞርብዎታል?» ቢላቸው «ኧረ አይዞርም!» ባጃጅ ሲሳፈሩ ይተዋቸዋል፣ ሲወርዱ ይመለሳል። ቅጹ ላይ ያሉት ማዞር፣ ማጥወልወልና መንገዳገድ ብቻ ናቸው። የቱ ላይ ምልክት ላድርግ?

መሪጌታ አይደለሁም፦ ሥሩ ግልጽ ነው። ዐርገ፣ ወጣ። ጀልባ ያርጋል፣ ይወርዳል።

ፊደል ቆጣሪ፦ ዐርገ በዓይኑ ዐ ነው። ረግረግ ውስጥ ዓይን የት አለ? ሥሩ ረገረገ ነው። ረግረግ የረገጠ ያውቀዋል። ቅኔ ቤት በየት በኩል አለፍህ?

መሪጌታ አይደለሁም፦ በበሩ! መዝሙር 106ን እይ፣ በእኛ ቁጥር። ባሕረኞቹ «የዐርጉ» ይልና ወዲያው እንደ ሰካራም ያደርጋቸዋል።

ጆሮ ሐኪም፦ ወደ ሴትዮዋ እንመለስ። የባራኒ ማኅበር (የሚዛንና የማዞር ሕመም አጥኚዎች ዓለም አቀፍ ማኅበር) እ.ኤ.አ. በ2009 የእነዚህን ምልክቶች ፍቺ ያወጣው የየአገሩ ሐኪም በአንድ ቃል አንድ ነገር እንዲረዳ ነው። በዚያ ፍቺ ሳይንቀሳቀሱ የተንቀሳቀሱ መምሰል ማዞር ውስጥ ይገባል፣ ባይሽከረከርም። መናጥም ቢሆን። መንገዳገድ የሚባለው ቁጭ ሲሉ፣ ሲቆሙ ወይ ሲራመዱ አለመርጋት ነው። ሳይንቀሳቀሱ የተንቀሳቀሱ ይመስላቸው እንደሆነ ጠይቅ። በ2020 ደግሞ ለዚህ ዓይነቱ የጉዞ ሕመም መመዘኛ ወጥቷል። ከወረዱ በ48 ሰዓት ውስጥ ይጀምራል፣ ከ48 ሰዓት በላይ ይቆያል፣ እንደገና ሲሳፈሩ ለጊዜው ይቀንሳል። የባጃጇን ነገር ለሐኪሙ ሳትነግር እንዳትቀር። ሌላ መንስኤ አለመኖሩን ግን እሱ ይመርምር።

ፊደል ቆጣሪ፦ «መናጥ» ለወተት ነው። መዋለል በል።

ጣና ዳር፦ «አዎ፣ ሳልንቀሳቀስ የተንቀሳቀስሁ ይመስለኛል» ብለዋል። እንግዲያስ ማዞር ልበል?

የደንገል ልጅ፦ ሁለቱን ሊቃውንት ታንኳ ላይ ጫኗቸው። ማን ቀድሞ እንደሚያረገርገው እናያለን 😂

ፊደል ቆጣሪ፦ ታንኳ ያረገርጋል። ሰውን «ያረገርገዋል» አይባልም፣ ግሱ ተሳቢ አይወስድም።

መሪጌታ አይደለሁም፦ ጎጃም ይባላል! «ያዞረኛል» ይባል የለ እንዴ?

ፊደል ቆጣሪ፦ እሺ፣ «ያዞረኛል» ውስጥ የሚያዞረው ማነው? ባለቤቱን አውጣልኝ።

መሪጌታ አይደለሁም፦ አንተ ነህ።