ሬይድ 5 ሰርቨር ላይ ሁለት ዲስክ ወደቀብኝ፣ ዳታውን እንዴት ላውጣ?

ሰላም ለሁላችሁ። ጭንቅ ውስጥ ነኝ፣ የምታውቁ እባካችሁ ተባበሩኝ። የቢሮ ሰርቨር ነው፣ ኡቡንቱ፣ አራት ባለ 4 ቴራባይት ዲስኮች በሶፍትዌር ሬይድ 5 (ዳታው ከመጠባበቂያ መረጃ ጋር በዲስኮቹ ላይ ተከፋፍሎ የሚቀመጥበት ዘዴ) የታሰሩበት። መብራት ሄዶ ሲመለስ አንዱ ዲስክ ከነጭራሹ አልታይ አለ፣ ከውስጡም ቀጭ ቀጭ የሚል ድምፅ ይሰማል። ሁለተኛው ይታያል፣ ግን ሲስተሙ ከአሬዩ (ከዲስኮቹ ስብስብ) አስወጥቶታል። ሬይድ 5 የሚችለው የአንድ ዲስክ መውደቅ ብቻ ስለሆነ አልነሳም ብሏል።

በኤምዲአድም (የሊኑክስ ሬይድ ማስተዳደሪያ) ኤግዛሚን ትእዛዝ ሳየው የሁለቱ ጤነኞች ኢቨንት ካውንት (የአሬዩ ለውጥ ቆጣሪ) እኩል ነው፣ የተባረረው ደግሞ ወደኋላ የቀረው በጥቂት ብቻ ነው። ስማርት (የዲስክ ጤና መከታተያ) ላይ ግን ፔንዲንግ ሴክተር (ለማንበብ ያስቸገረ ቦታ) ያሳያል። አሬዩን በግድ በሚያስነሳው አሴምብል ፎርስ ብሞክረው በሦስቱ ይነሳል የሚል ተስፋ አለኝ፤ የፈራሁት እያነበበ መሃል ላይ ቀጥ ቢልስ ነው።

ባልደረባዬ "ክሪኤት ብለህ አዲስ ሥራው" ይለኛል። አይ፣ እሱንስ አልነካም! የዲስኮቹ ቅደም ተከተል ወይ ቻንክ ሳይዙ (ዳታው የተከፋፈለበት መጠን) ተዛብቶ ሪሲንክ (ዲስኮቹን እንደገና ማመሳሰል) ከጀመረ፣ የተረፈውንም ይዞት ይሄዳል።

ጥያቄዬ፦ ሦስቱንም በዲዲሬስኪው (ከተበላሸ ዲስክ የሚገለብጥ ፕሮግራም) ልገልብጥ ወይስ የታመመውን ብቻ? ለሦስቱ የሚሆን ባዶ ዲስክ የለኝም፣ ዋጋውን ታውቁታላችሁ። ታማሚውን ብቻ ገልብጬ፣ ጤነኞቹ ላይ ምንም እንዳይጻፍ ኦቨርሌይ (ጽሑፉን ወደ ሌላ ፋይል የሚያዞር ሽፋን) አድርጌ ብሞክር ያዋጣል? ፋይል ሲስተሙ ኤክስት4 ነው፤ ስከፍተው ሪድ ኦንሊ (ለንባብ ብቻ) ይበቃል ወይስ ጆርናሉን (የፋይል ሲስተሙን የለውጥ መዝገብ) እንዳይነካው ኖሎድ የሚለውን አማራጭ ልጨምርበት? ያለው ባክአፕ የአምና ነው፣ የዘንድሮው ሒሳብ በሙሉ እዚያ ውስጥ ነው። ሰርቨሩን አጥፍቼ መልሳችሁን እየጠበቅሁ ነው።