የእናቴ መርሳት ከጭንቀት የመጣ ሊሆን ይችላልን?

ጠያቂ (ከኮምቦልቻ)፦ እናቴ የ57 ዓመት ሴት ናት። በ2014 ዓ.ም. በጦርነቱ ተፈናቅላ ከተመለሰች ወዲህ ሌሊቱን እየባነነች ታነጋዋለች፤ የደም ግፊት መድኃኒትም ጀምራለች። አሁን ደግሞ በሱቋ ለማን ዱቤ እንደሰጠች ትረሳለች። ጎረቤቶች «ሐሳብ ነው፣ ይለቃታል» ይላሉ። ጭንቀት በእርግጥ እስከዚህ ይጎዳልን?

ነርስ (ከደሴ)፦ እህቴ፣ ሐሳብ መሆኑ አይካድም፤ «ይለቃታል» የሚለው ግን አያዘናጋሽ። ሰው ሲደነግጥ ከኩላሊት በላይ ያሉት አድሬናል ዕጢዎች አድሬናሊንና ኮርቲሶል የተባሉ ሆርሞኖችን ያመነጫሉ፤ ልብ ይፈጥናል፣ በደም ውስጥ ያለው ስኳርም ከፍ ይላል። ይህ ለአጭር ጊዜ ሲሆን ሕይወት ያድናል፤ ለዓመታት ሲዘልቅ ግን የደም ግፊትንና የስኳር በሽታን ያባብሳል፣ በሆድ አካባቢ ስብ ያከማቻል፣ በሽታ የመከላከል ዐቅምንም ያዛባል። ወደ አንጎል ስንመጣ፣ አዲስ ነገር ለመያዝ የሚያስፈልገን ሂፖካምፐስ የተባለው ክፍል የኮርቲሶል ተቀባዮች በብዛት ስላሉት (ይህን የአንጎል ተመራማሪው ብሩስ ማክዩን በ1968 እ.ኤ.አ. በአይጦች ላይ አሳይቷል) ለረጅም ጭንቀት በቀላሉ ይጋለጣል። ሆኖም ጉዳቱ ሁሉ ዘላቂ አይደለም፤ ኩሺንግ በተባለው ሕመም ኮርቲሶላቸው እጅግ የበዛባቸው ሰዎች ታክመው ሲወርድላቸው፣ የሂፖካምፐሳቸው መጠን በከፊል ሲያገግም ታይቷል። ለማንኛውም የታይሮይድ (የአንገት ዕጢ) ሆርሞንና የቫይታሚን ቢ12 ምርመራ ታድርግ፤ የእነዚህ ጉድለትም ያስረሳል፣ መድኃኒትም አለው።

ሌላ አስተያየት ሰጪ (ከሐይቅ)፦ እኔ የምጨምረው ስለ እንቅልፍ ነው። በእኛ አገር ሐሳብ የገባው ሰው ብቻውን አይተውም፤ ጎረቤት ተሰብስቦ፣ ቡና ተፈልቶ ዱዓ ይደረግለታል፤ ይህም መልካም ነው። ነገር ግን በረካው ከመግሪብ በኋላ ከተቀዳ፣ ካፌይኑ ከአምስት ሰዓት ገደማ በኋላም ግማሹ ከሰውነት ስለማይወጣ፣ የባነነችው እናት ተመልሳ እንቅልፍ ልትወስዳት አትችልም። ጫትም ካለ እንዲሁ ነው። ጀምበር ሳትጠልቅ ቢጠጣ ዱዓው አይጓደልም!

ነርስ (ከደሴ)፦ እውነት ነው። እህቴ፣ አንድ ነገር ልጠይቅሽ፦ ዱቤ የወሰደውን ሰው ስም ስትነግሪያት ታስታውሳለች ወይስ ጨርሶ «አልሰጠሁም» ትላለች?

ጠያቂ፦ ስሙን ስነግራት የስኳሩን ኪሎ ሳይቀር ትናገራለች።

ነርስ (ከደሴ)፦ እንዲህ ከሆነ ነገሩ ተመዝግቧል ማለት ነው፤ የከበዳት ፈልጎ ማውጣቱ ነው። ይህ በጭንቀት፣ በድባቴና በእንቅልፍ ማጣት በብዛት የሚታይ ነው። ለሐኪሙ ይህንኑ እንዳለ ንገሪው፤ ስለ መባነኗም አትተዪ፣ የግፊት ክትትል ላይ ብዙ ሰው አያነሣውምና።