የአካባቢያችን ሴቶች ምን የጤና ችግር እንዳለባቸው ለማጥናት ከየት እንጀምር?

ሲስተር ከአራዳ
ሰላም ለሁላችሁ። አራዳ ክፍለ ከተማ ጤና ጣቢያ ነው የምሠራው። የመጪው ዓመት ዕቅድ ከመውጣቱ በፊት የአካባቢያችን ሴቶች ምን እንደሚቸግራቸው እንድናጠና ተነግሮናል። ያለን 3 ሳምንትና 4 ሰው ነው፦ 2 አዋላጆች፣ 1 ጤና መኮንን፣ 1 የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያ። የታሰበው ታክመው ለሚወጡ ሴቶች በር ላይ መጠይቅ ማስሞላት ነው። ይበቃል? ስንት ሴት እንጠይቅ? ፒያሳ አካባቢ በ2016 ብዙ ሰፈር ስለፈረሰ የቤተሰብ መዝገባችንም አያስተማምንም።

መረጃ ክፍል
መጠይቁ ይቆይና መጀመሪያ መዝገባችሁን አንብቡ። ለ2 ሰው የ4 ቀን ሥራ ነው። ከሐምሌ እስከ ሰኔ ያለውን የእርግዝና ክትትል፣ የቤተሰብ ዕቅድ፣ የማህፀን በር ምርመራና የተመላላሽ መዝገብ አውጡ። ድምሩ ብዙም አይጠቅማችሁም። የሚጠቅመው ክትትል ከጀመሩት ስንቶቹ ከ12 ሳምንት በፊት እንደመጡና ስንቶቹ ከ1ኛው ቀጠሮ በኋላ እንደቀሩ ነው። የምትቆጥሩት ሴት እንጂ ጉብኝት እንዳይሆን በካርድ ቁጥር ለዩ። አለዚያ 4 ጊዜ የመጣች አንዲት ሴት 4 ሆና ትገባለች።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው ደም ማነስ ላይ ነው። የሄሞግሎቢን ዓምድ ወር ሙሉ ባዶ ከሆነ በሽታው ጠፍቶ ሳይሆን ላብራቶሪው መመርመሪያ አልቆበት ሊሆን ይችላል። ስለዚህ መዝገቡን ከቢን ካርዱ፣ ማለትም የዕቃው ገቢና ወጪ ከሚጻፍበት ካርድ ጋር ጎን ለጎን እዩት። ሌላው ከፍታ ነው። በእርግዝና የመጀመሪያ 3 ወራት የሚሠራበት 11 ግራም በዴሲ ሊትር (ሄሞግሎቢን ከዚያ ካነሰ ደም ማነስ ይባላል) ለባሕር ወለል የወጣ መለኪያ ነው። አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ስለሆነች መለኪያው ቢያንስ 0.8 ግራም ከፍ ማለት አለበት። ይህ ካልታሰበ 11.3 የወጣላት ነፍሰ ጡር «ደህና ነሽ» ተብላ ትሸኛለች።

ሽፋን፣ ማለትም ከወረዳው ሴቶች ስንት በመቶው አገልግሎቱን እንዳገኙ ስታሰሉ ከ100 በመቶ በላይ ቢመጣ አትደሰቱ። ሰፈሩ ከፈረሰ በኋላ የወጡት ሰዎች አሁንም በወረዳው ሕዝብ ቁጥር ውስጥ ሊኖሩ ይችላሉ፤ ከሌላ ወረዳ የሚመጡት ደግሞ በተገልጋይ ቁጥር ይገባሉ። ካርዱ ላይ ባለው አድራሻ ሁለቱን ለይታችሁ አስሉ።

ሱፐርቫይዘር
በር ላይ የምታገኟት የመጣችውን ነው። ያልመጣችው ለምን እንደቀረች የምትነግራችሁ ቤቷ ስትሄዱ ብቻ ነው።

ቁጥሩን በተመለከተ፣ ለ5 በመቶ የስህተት ልዩነት (ውጤቱ ከእውነተኛው ቁጥር ወደ ላይም ወደ ታችም ሊርቅ የሚችልበት መጠን) 385 ሴት ያስፈልጋል፤ በ4 ሰው አይሞከርም። 10 በመቶ ከተቀበላችሁ 97 ይበቃል፣ ለማይገኙት 10 በመቶ ጨምሩና 107 በሉት። ይህ ስለ አካባቢው በጥቅሉ ለመናገር እንጂ ዕድሜን ከዕድሜ ለማወዳደር አይሆንም።

የድሮውን የቤተሰብ መዝገብ ተዉት። 2 ቀን በእግር ዞራችሁ በእጅ ካርታ ሥሩ። የምትቆጥሩት የግቢ በር ሳይሆን ቤተሰብ ነው፤ በአንድ በር ውስጥ 5 ወይም 6 ቤተሰብ ሊኖር ይችላል። 1,605 ቤተሰብ ካገኛችሁ ለ107 ሲካፈል 15 ነው፦ ከ1 እስከ 15 ዕጣ አውጥታችሁ ከዚያ በየ15ኛው ሂዱ። ቤት ውስጥ ያሉትን ሴቶች በሙሉ ጻፉና በዕጣ አንዷን ምረጡ። የቤት ሠራተኛዋም ከዝርዝሩ አትቅር፤ ዕጣው ከደረሳት እመቤቷ ስለ እሷ አትመልስ። ቤቱ ዝግ ከሆነ 2 ጊዜ ተመለሱ፣ አንዱ እሑድ ወይም ከምሽቱ 12 ሰዓት በኋላ ይሁን። በጎረቤት መተካት ጥናቱን ያበላሻል፤ ቀን ሥራ የምትውለዋ ሁሉ ትቀራለችና።

አዋላጅ
ከቁጥሩ ይልቅ የሚያሳስበኝ አጠያየቁ ነው። አንዲትን እናት «የማህፀን ችግር አለብዎት?» ብትሏቸው መልሱ «የለብኝም፣ እግዚአብሔር ይመስገን» ነው። «ሲያስልዎት ወይም ጀሪካን ሲያነሱ ሽንት ያመልጥዎታል?»፣ «ቁጢጥ ሲሉ ከታች የሚወርድ ነገር ይሰማዎታል?» ስትሉ ግን ዝም ይሉና ቀስ ብለው ይናገራሉ። ለወጣቷ «ዲፖ (በመርፌ የሚሰጠውን የእርግዝና መከላከያ) ጀምረሽ ለምን አቆምሽ?» በሏት፤ ደም እየተዛባባት፣ ቀጠሮ አልፏት ወይም ከእናንተ ዘንድ አልቆ ሊሆን ይችላል፣ የሦስቱም መፍትሔ የተለያየ ነው። «ወገቤን» ካለች «ወገቤን» ብላችሁ ጻፉ፣ እናንተ በሽታ አታውጡላት።

ከ15 እስከ 49 ብቻ ብላችሁም አትገድቡ። ከ50 በላይ ላሉት በአሴቲክ አሲድ የሚደረገው የማህፀን በር ምርመራ አይመከርም፤ በምርመራው መታየት ያለበት የማህፀን በር ክፍል ወደ ውስጥ ስለሚገባ ነው። የወር አበባ ከቆመ በኋላ ደም ማየት ግን ጠብታም ቢሆን ሪፈር ያስፈልገዋል። ጠይቁ።

የጥቃት ጥያቄ መጨረሻ ላይ ይሁን፣ ብቻዋን ስትሆን፣ ከአንድ ቤት አንዲት ሴት ብቻ። አማቷ ድንገት ከገቡ ወደ ልጆች ክትባት ገጽ ገልብጡ። የምትልኩበትን ቦታ ሳታዘጋጁ ግን አትጠይቁ፤ ጋንዲ መታሰቢያ ሆስፒታል ለጥቃት ተጎጂዎች የተሟላ አገልግሎት በአንድ ቦታ የሚሰጥ ማዕከል አለ። ለተደፈረች ሴት የኤችአይቪ መከላከያው እስከ 72 ሰዓት፣ ድንገተኛ የእርግዝና መከላከያው እስከ 5 ቀን ነው የሚሠራው።

ሲስተር ከአራዳ
እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ሴቶቹን ቡና አፍልተን ብንሰበስባቸውስ? ጊዜ አይቆጥብም?

አዋላጅ
ስለ ሰልፍ፣ ስለ ሥራ ሰዓት፣ ስለ ባለሙያ ጠባይ ለመስማት ከቡና የተሻለ የለም። ስለ ራሷ ሕመም ግን ጎረቤት ፊት ማንም አትናገርም። ከ6 እስከ 8 ሴት ይበቃል፣ ልጃገረዶች ከእናቶቻቸው ይለዩ፣ የወረዳ ኃላፊ አይቀመጥ። አንዳችሁ አወያዩ፣ አንዳችሁ ጻፉ። የቤት ለቤቱን መጠይቅም አስቀድማችሁ ከናሙናው ውጭ ባሉ 5 ሴቶች ሞክሩት፤ ከ25 ደቂቃ ካለፈ ጥያቄ ቀንሱ፣ ወጥ ጥዳ የቆመች ሴት ከዚያ በላይ አትታገሥም።