የአባቴ ስኳር 178 ወጣ፤ ስኳር በሽታ አለበት ማለት ነው?

የአባቱ ልጅ፦
ሰላም ለሁላችሁ። አባቴ 68 ዓመቱ ነው፤ የሚኖረው ገጠር ነው። ባለፈው ሳምንት የጤና ባለሙያዎች መንደሩ ድረስ ሄደው የአረጋውያንን ስኳር ሲለኩ እሱም ተለካ። የሰጡት ቁራጭ ወረቀት ላይ 178 ተብሎ ተጽፏል፣ በቃ። እሱ እንደሆነ «ምንም አያመኝም» ብሎ ወረቀቷን ኪሱ ከቷታል። ጤና ጣቢያው ግማሽ ቀን በእግር ያስኬዳል። ልውሰደው ወይስ ልተወው?

ነርሷ፦
ሲለኩ በልተው ነበር? ወረቀቱ ላይ መጻፍ የነበረበት እሱ ነው። ከምግብ በኋላ የተለካ 178 «ስኳር አለብዎት» አያሰኝም፤ «ነጻ ነዎት» ብሎ ለመሸኘትም አይበቃም። ቢያንስ ለ8 ሰዓት ምግብ ሳይቀምሱ ተለክተው 126 ወይም ከዚያ በላይ ከሆነ ስኳር ነው። ምልክት ከሌላቸው ግን ተደግሞ መረጋገጥ አለበት። ከ100 እስከ 125 ድንበሩ ላይ ነው። በጾሙ ሰዓት ውሃ መጠጣት ይችላሉ። ደግሞ ጣት ተወግቶ የሚለካው ለማጣራት ያህል ነው፤ የሚያረጋግጠው ከደም ሥር ተወስዶ ላብራቶሪ የሚታየው ነው።

ታናሽ እህት፦
«ምንም አያመኝም» የሚለውን እንዳታምን ወንድሜ። እናቴም እንደዚያው ነበረች። ሌሊት አራት ጊዜ ለሽንት ስትነሳ እርጅና ነው ብለን አለፍነው። አንድ ቀን እግሯን ሳጥባት ጫማ የላጠው ቁስል አየሁ። እሷ አልተሰማትም፣ እግሯ ደንዝዟል! ቁስሉ አልድን ሲል ወሰድናት፤ ስኳር ሆኖ ተገኘ።

የአባቱ ልጅ፦
ደውዬ ጠየቅኩት። ከበላ አንድ ሰዓት አይሆነውም ነበር። ፍራፍሬ ልጦም እጁን አልታጠበም። ሌሊት ግን እሱም ይነሳል፣ ሦስቴ አራቴ።

ነርሷ፦
አየህ! ጣት ላይ የቀረ የፍራፍሬ ጭማቂ ብቻውን ቁጥሩን ሊሰቅለው ይችላል። እጅ ታጥቦ፣ በደንብ ደርቆ ነው የሚለካው። ያም ሆኖ የሌሊቱ ነገር አለና አትተወው። ስኳር ባይሆን እንኳ ፕሮስቴት ሊሆን ይችላል።
በባዶ ሆድ ግማሽ ቀን እንዳታስኬዳቸው ግን። ኤችቢኤዋንሲ የሚባለው ምርመራ ጾም አይፈልግም፤ ያለፉትን ሁለት ሦስት ወራት አማካይ ያሳያል። 6.5 ከመቶና ከዚያ በላይ ስኳር ነው። ደም ማነስ ካለባቸው ውጤቱ ሊያሳስት ስለሚችል አስቀድማችሁ ንገሩ። ምርመራው እዚያ ከሌለ ግን ጠዋት በባዶ ሆድ እንዲለኩ ዋዜማውን ሄዳችሁ አቅራቢያው እደሩ።

ፋርማሲስቱ፦
አንድ ነገር ልጨምር። ለመገጣጠሚያ ወይም ለአስም ፕሬድኒሶሎን የሚወስዱ ከሆነ እሱም ስኳር ይጨምራል። የሚውጡትን ሁሉ በፌስታል ይዘህ ሂድ። በራሳችሁ ግን እንዳታቋርጡት፤ ድንገት ማቆም አደጋ አለው።

የአባቱ ልጅ፦
ለጉልበቱ የሚውጣት ነጭ ኪኒን አለች፣ ስሟን አላውቃትም። ቅዳሜ እወስደዋለሁ። ወረቀቷንም ከኪሱ አስወጥቼ ጀርባዋ ላይ «በልቶ ነበር፣ እጁን አልታጠበም» ብዬ እጽፍባታለሁ።