«ለሥራ ዝግጁ ነበሩ?» ለሚለው «አይ» ብዬ ክፍያዬ ታገደ

ሰላም ለሁላችሁ። በዚህ ያለፈ ሰው ካለ እባካችሁ ምከሩኝ።

መጋዘን ውስጥ የማታ ፈረቃ ነበር የምሠራው፤ ከማታ 4 ሰዓት እስከ ንጋቱ 12። ሠራተኛ ሲቀንሱ እኔም ወጣሁ፤ የሥራ አጥ ክፍያ አመልክቼ ተፈቀደልኝ። በየሳምንቱ በስልኬ ያንኑ ፎርም እሞላለሁ፦ ሥራ ፈልገዋል? ገቢ አግኝተዋል? በየቀኑ ሥራ ለመጀመር ዝግጁ ነበሩ? እውነቱን ለመናገር ሳላነበው ነበር የምጫነው።

ባለፈው ሳምንት ማክሰኞና ሐሙስ ጠዋት ከ3 እስከ 6 ሰዓት የፎርክሊፍት ሥልጠና ጀመርኩ። መዋሸት አልፈለግኩምና የመጨረሻውን ጥያቄ «አይ» አልኩት። በማግስቱ ክፍያው «በማጣራት ላይ» የሚል ሆኖ አገኘሁት፤ የስልክ ቃለ መጠይቅ ቀጠሮም ተላከልኝ።

ግራ የገባኝ ይሄ ነው። የእኔ ሥራ ማታ ነው። ዛሬ ማታ ና ቢሉኝ እገባለሁ፤ የቀን ሥራ ከተገኘም ሥልጠናውን እተወዋለሁ። ታዲያ «ዝግጁ» ማለት ቀኑን ሙሉ እጄን አጣጥፌ መቀመጥ ነው ወይስ በሙያዬ በተለመደው ሰዓት መገኘት? አንድ ጓደኛዬ «ሁልጊዜ አዎ በልና ተገላገል» ይለኛል፤ ኋላ ገንዘቡን ከነቅጣቱ መልስ ቢሉኝ እሱ አይከፍልልኝ!

ያመለከትኩባቸውን ቦታዎች ከነቀናቸው ደብተር ላይ ጽፌያለሁ፣ የሥልጠናውን ፕሮግራምም ይዣለሁ። ቃለ መጠይቁ ላይ መልሴን ላብራራው ወይስ ቀድሜ በጽሑፍ ላስተካክል? እስከዚያው ሳምንታዊውን ፎርም መሙላቴንስ ልቀጥል?