ሰው መኪና ውስጥ እያለ ሲቆለፍ አላርሙ ይጮኻል፤ ምን ይሻላል?

ጥያቄ፦ ሰላም ለሁላችሁ። መኪናው ፑሽ ስታርት (ቁልፍ በማዞር ሳይሆን አዝራር በመጫን የሚነሳ) ነው። ሹፌሩ ወርዶ በሪሞት ሲቆልፈው፣ ውስጥ የቀረ ሰው ሲንቀሳቀስ ወይም በር ሲከፍት አላርሙ ይጮኻል። ያለ ጩኸት መቆለፍ ይቻላል?

መልስ 1፦ አላርሙ አልተበላሸም። ከውጭ ሲቆለፍ ይጠመዳል፤ ብዙ ቶዮታዎች ላይ 30 ሰከንድ ገደማ ይፈጅበታል። ከዚያ ወዲያ በር ከውስጥ ከተከፈተ ሌባ የገባ ይመስለዋል። ሹፌሩ ቁልፉን ይዞ ወርዶ በሩን ይዝጋ፤ ውስጥ ያለው ሰው በሾፌሩ በር ላይ ያለውን የመቆለፊያ ቁልፍ ይጫን። እንዲህ ሲቆለፍ በአብዛኛው አይጠመድም። ከጮኸም በሪሞቱ ክፈቱት፣ ወይም ሞተሩን አስነሱት።

መልስ 2፦ እንቅስቃሴ ብቻ ካስጮኸው የውስጥ ሴንሰር አለው። ማጥፊያው ብዙ ጊዜ ጣሪያው ላይ፣ መብራቱ አጠገብ ነው። የሚያጠፋው ለአንድ ጊዜ ብቻ ስለሆነ በተቆለፈ ቁጥር አስቀድሞ መጫን አለበት። በኋላ የተገጠመ አላርም ከሆነ ግን የንዝረት ሴንሰሩ ላይ ያለችውን ትንሽ ብሎን፣ በቀላሉ እንዳይጮኽ፣ በካቻቪቴ በጥቂት በጥቂቱ እያዞሩ መሞከር ነው።

መልስ 3፦ ከጩኸቱ ይልቅ የሚያሳስበው ድርብ ቁልፍ ነው። ለአውሮፓ ገበያ በተሠሩ ብዙ መኪኖች ላይ አለ፤ ሲበራ የውስጥ እጀታው ቢጎተትም በሩ አይከፈትም። ይህ ያላቸው ቶዮታዎች ላይ የሪሞቱን መቆለፊያ በ5 ሰከንድ ውስጥ ሁለቴ መጫን ያበራዋል፤ ቮልስዋገን ላይ ደግሞ በተቃራኒው፣ በ2 ሰከንድ ውስጥ ሁለቴ መጫን ያጠፋዋል። እባካችሁ መመሪያውን ሳታዩ ሰው ላይ አትቆልፉ። ሕፃን ከሆነማ ለአምስት ደቂቃም ቢሆን ይዛችሁት ውረዱ፤ ፀሐይ ላይ የቆመ መኪና ቶሎ ይግላል።